ፈረሱን ያዘገየ ሶፍትዌር

እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ይህም ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ የምጠራ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የምታማ ሴት ነኝ ማለት ነው። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ሰው ከፕሪንተር ሆድ ውስጥ ወረቀት ሲጎትት ብቻ ዕድሜውን አይጨርስምና በትርፍ ጊዜዬ ፕሮግራም እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ውስጥ ለሰው የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ቪዲዮን ሲኒማ ቤት ወደሚቀበለው ቅርጽ የሚቀይር ነጻ ሶፍትዌር። እሱንም የጻፍኩት አስቤበት ሳይሆን ተናድጄ ነው። በሕይወቴ ቁም ነገር የሠራሁባቸው ቀናት ሁሉ የተናደድኩባቸው ናቸው ብል ብዙም አልዋሽም።

ነገሩን የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዳንግላ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው፤ ሠርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል፣ ምርቃት ይቀርጻል። የሰው ደስታ ሲቀርጽ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን «እኔስ የራሴን ታሪክ መቼ ነው የምቀርጸው?» አለና ፊልም ጀመረ። ካሜራው የሚያርፈው ሠርግ በማይደገስባቸው የጾም ወራት ብቻ ስለሆነ ፊልሙ ሁለት ዐቢይ ጾም ፈጀ። ተዋንያኑ ሁሉ ጾመኛ ስለነበሩ በመጀመሪያው ትዕይንት የወፈሩት በመጨረሻው ከስተው ይታያሉ። ወንድሜ ይህን «የገጸ ባሕርይ ዕድገት» ይለዋል።

ፊልሙ የሚያስቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ለማይሆን ቤት ሊድሯት እንደሆነ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ይደርሱበትና፣ ከሙሽራው ቀድመው ለመድረስ በፈረስ ይገሰግሳሉ። በመንገድ ላይ የማያጋጥማቸው ነገር የለም። ግማሹ ንግግር በአማርኛ፣ ግማሹ በአገውኛ ነው። ሽማግሌውን ሆነው የሠሩት አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም ናቸው። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ትወና አያውቁም። ወንድሜም ተውኑልኝ አላላቸውም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይጋልቡ» ነው ያላቸው።

መጋለቡን ይችሉበታል። በእኛ አገር ፈረስ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለንግሥም ይወጣል። ልማድ ሆኖ፣ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ በፈረሱ አረጋገጥ ማንነቱ ይታወቃል፤ «የእገሌ ፈረስ ነው፣ ሶምሶማው የእሱ ነው» ይባላል። የአጎቴ ፈረስ ዳማ ነበር፣ ቀይ ቡናማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው። የሚያናግሩት በአገውኛ ብቻ ነው። አማርኛ ያልገባው ፈረስ ነው እያልን እንቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን «ገብቶታል፤ የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው» ይሉናል። በፊልሙ መጨረሻ ዳማው በሐይቁ ዳር ሦስት ደቂቃ ሙሉ በደንገላሳ፣ ከሶምሶማ በሚፈጥነው ግልቢያ፣ ይሄዳል። ወንድሜ ያለ ምንም ንግግር፣ በኮቴ ድምፅ ብቻ ነው የተወው።

ቀረጻው ባለቀ በዚያው ክረምት ዳማው ሞተ። እኛ በወሬ ሰማን። አጎቴ ኮርቻውን ጓዳ አስገብተው በሩን ዘጉበት፤ ገበያ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ ሌላ ፈረስ ይግዙ ያላቸውን ሁሉ ተቆጡ። እንዴት እንደታመመ፣ ስንት ቀን እንደቆየ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ፊታቸውን እያየ የሚደፍር ጠፋ። ወንድሜ ፊልሙ ባሕር ዳር በትልቅ አዳራሽ እንደሚታይ ሊነግራቸው የሄደ ዕለት ግን አንድ ነገር ጠየቁት፤ «ዳማውን እንደነበረ ነው የማየው?» ወንድሜም እንደነበረ እንደሚያዩት ምሎ መጣ። ሲምል እኔን አልጠየቀኝም።

ባሕር ዳር ያለው ሲኒማ ቤት የሰጠው አንድ ቅዳሜ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ወንድሜ ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ሄደ። የማሽኑ ሠራተኛ ፍላሹን አገላብጦ አየና፣ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ሠርግ አይደለም፤ በሲኒማ ቅርጽ አሠርተህ አምጣ» ብሎ መለሰው። ከመናኸሪያ ቀጥ ብሎ እኔ ቢሮ መጣና «እትዬ፣ ይችን ወደ ሲኒማ ቅርጽ ቀይሪልኝ» አለኝ፤ ፎቶ ኮፒ እንደሚያስነሳ ሰው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም እንደ ስልክ ቪዲዮ አንድ ፋይል አይደለም። እያንዳንዷ ምስል ተለይታ ትወጣለች፣ ቀለሟ በሲኒማ ልክ ይቀየራል፣ ለብቻዋ ትታሸጋለች። ድምፁም ለብቻው ይታሸጋል። ከዚያ ሁሉም አንድ ማኅደር ውስጥ ይገባና ማን የማን እንደሆነ ዝርዝር ይጻፍለታል። ከዝርዝሩ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ማሽኑ ፊቱን ያዞራል። የወንድሜ ፊልም አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ምስል አለው። የእኔ ኮምፒውተር ይህን አሽጎ ለመጨረስ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

መብራት ደግሞ እኛ ጋ ሙሉ ቀን አይውልም። ሌሎች ሰዎች በነጻ ከለቀቋቸው ፕሮግራሞች አንዱን አውርጄ ሞከርኩ። ሰባ ሺህኛው ምስል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ፕሮግራሙ ከአንድ ጀመረ። በማግሥቱ ዘጠና ሺህ ላይ ሄደ፤ አሁንም ከአንድ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ መብራት የሚሄድ ነገር መሆኑን ማን ነግሯቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ጠረጴዛውን መታሁና «የደረሰበትን የሚያስታውስ ነገር መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?» ብዬ ጮህኩ። መክበዱን ያወቅሁት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሌሎች ለዓለም የለቀቋቸውን ቁርጥራጮች እየገጣጠምኩ፣ የጎደለውን እየጻፍኩ ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሑድን ሠራሁ። የእኔ ፕሮግራም እያንዳንዷን ምስል ባሸገ ቁጥር ማስታወሻ ይይዛል። መብራት ይሂድ፣ ኮምፒውተሩ ይጥፋ፤ ሲነሳ ማስታወሻውን ያነብና ካቆመበት ይቀጥላል። መጀመሪያ የሠራ ዕለት እኔው ራሴ ሶኬቱን እየነቀልኩ አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩት። ከደስታዬ ብዛት አሥራ አንደኛውን ነቀልኩና ኮምፒውተሩን ላበላሸው ምንም አልቀረኝም።

ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲያካፍለው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። እናቴ «ለምን ያህል ሰጠሽው?» አለችኝ። «በነጻ» አልኳት። «ነጻ ከሆነ ማን ይፈልገዋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ለሁለት ሳምንት ማንም አልፈለገውም። ከዚያ የት እንዳለች እንኳ በካርታ ፈልጌ ካገኘኋት ደሴት አንድ ሰው ጻፈልኝ፤ እነሱም ጋ መብራት ይሄዳል፤ ከሞከራቸው ሁሉ የእኔ ብቻ ጨረሰለት፤ ከእሱ ወዲህ ሌሎችም ተከተሉ። ደብዳቤውን አትሜ ቢሮ አሳየሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ ይህን ያተምሽበት ፕሪንተር ለእኛ ለምን አይሠራም?» አለኝ።

ስሕተቴ ታዲያ ሌላ ቦታ ነበር። የወንድሜ ካሜራ በሴኮንድ ሃያ አምስት ምስል ነው የሚያነሳው። ሲኒማ ቤቱ ለወንድሜ በሰጠው ወረቀት ላይ በሴኮንድ ሃያ አራት ይላል። ይህን ለማስታረቅ ቀላሉ መንገድ ምስሎቹን እንዳሉ ትቶ ትንሽ ቀስ አድርጎ ማሳየት ነው። ምንም ምስል አይጠፋም፤ ፊልሙ ብቻ ሦስት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ድምፁም እንዳይወፍር አስተካከልኩት። በሙያው የታወቀ ዘዴ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። በኮዱ ውስጥ፣ ከዚያው መስመር ጎን፣ በአማርኛ «ይህን ማንም ሰው አይለየውም» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። በራሴ እጅ።

ሙሉው ፊልም የተጠናቀቀው ቅዳሜው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት ነው። ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ሃርድ ዲስኩን በጋቢ ጠቅልዬ ዳንግላ ወረድኩ። ከመናኸሪያ እስከ ፎቶ ቤቱ በጋሪ ስሄድ ዲስኩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነበር፤ ባለ ጋሪው ደጋግሞ ዞሮ እያየ «ታሟል እንዴ?» አለኝ። አጎቴም ለጉዳያቸው ዳንግላ መጥተው ነበርና ወንድሜ ጠራቸው። ለሙሽሮች ፎቶ ማንሻ የሚሆነውን ነጭ መጋረጃ ወጥረን ፕሮጀክተር ደቀንን፤ ዲስኩንም የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። አጎቴን ሙሽሪት የምትቀመጥበት ባለ ወርቅማ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተዘጋጁ። እኔ ከፊልሙ ይልቅ ምርቃቱን ነበር የምጠብቀው።

የመጨረሻውን ትዕይንት ለቀቅሁት። ዳማው በሐይቁ ዳር መጣ። አጎቴ መጀመሪያ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ፈረስ ደክሞታል» አሉ።

«የቱ ጋሼ?» አልኩ።

«ይኸው ነዋ። ዳማው እንዲህ አይረግጥም። ምን አድርጋችሁት ነው?»

ደሜ ፈላ። ሦስት ወር የለፋሁበት ሥራ በሦስት ደቂቃ ሲወቀስ ማን ዝም ይላል? «ጋሼ፣ ራሱ ነው። አንድም ምስል አልተነካም። ማሽን ደግሞ አይዋሽም» አልኳቸው፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ።

አልተቆጡም። ዱላቸውን ለወንድሜ ሰጡና በቀኝ መዳፋቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። ሦስት ምት፣ ትንሽ ፋታ፣ ሦስት ምት፣ ትንሽ ፋታ። «ደንገላሳው ይህ ነው። ዓይኔን ብትሸፍኑኝም ይህ ነው» አሉ። ወንድሜ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና፣ ሳይቀየር የቀረውን፣ ካሜራው የቀረጸውን ቪዲዮ ለቀቀው። የአጎቴ መዳፍና የዳማው ኮቴ አብረው ወረዱ፣ አብረው ተነሱ። አንድ ደቂቃ ሙሉ አንዲት ምት አልሳቱም። ቀጥሎ የእኔን ለቀቀው። መዳፋቸው ቀደመ፣ ፈረሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ ተለያዩ። ከመቶ አራት እጅ ነው የዘገየው። በየአገሩ ሶፍትዌሬን የሚጠቀሙ ሰዎች አንዳቸውም ያላዩትን፣ ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው በጉልበታቸው ለኩት።

ያን ጊዜ መቀበል ነበረብኝ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። «ይቆዩ ጋሼ፣ ምሳዎን ሲበሉ አስተካክለዋለሁ» አልኩና በዚያው በወንድሜ ኮምፒውተር ሌላውን መንገድ ያዝኩ፤ ፍጥነቱን እንደነበረ ትቼ፣ ከየሃያ አምስቱ ምስል አንዷን መጣል። የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ስለሆነ እነሱ ሽሮ በልተው ሳይጨርሱ ደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። አጎቴ ተመልሰው የሙሽሪት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳማው መጣ። ምቱ ልክ ነበር፤ ግን በየሴኮንዱ አንዴ ቅንጥስ ይላል፤ አንዷ ምስል የጎደለችበት ቦታ ላይ እግሩ ይዘላል።

አጎቴ ተነሥተው ዱላቸውን ከወንድሜ ተቀበሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው፣ «አነከሰ» አሉ። «እንዲህ አድርጋችሁ ከምታሳዩት አታሳዩት። እኔም ባሕር ዳር አልሄድም።» ለአንድ ፈረስ ይህን ያህል? ብዬ ነበር በሆዴ፤ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ፊልሙን በሃያ አምስቱ እንዳለ ማሸግ። አዳዲሶቹ የሲኒማ ማሽኖች ሃያ አምስትንም እንደሚቀበሉ አንብቤያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ባሕር ዳር ለማሽኑ ሠራተኛ ደወልኩ። «ወረቀቱ ሃያ አራት ነው የሚለው» አለኝ። «ማሽኑስ ምን ይላል?» አልኩት። «ማሽኑ አይናገርም፤ የሚናገረው ወረቀቱ ነው» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እኔ አፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስልኩን ዘግቼ ኮዴን ከፈትኩ። ከምንም በፊት ያችን «ማንም ሰው አይለየውም» የምትል ማስታወሻ ሰረዝኩ። ከዚያ ለተጠቃሚው ምርጫ የሚሰጥ፣ የካሜራውን ፍጥነት ሳይነካ የሚያሽግ ክፍል ጻፍኩ። ከወንድሜ ፊልም የአንድ ደቂቃ የሠርግ ጭፈራ ቆርጬ ለሙከራ አሸግሁ።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ባሕር ዳር ገባሁ። ሠራተኛው ሹራቡን የደረበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ በጣቱ አሳየኝ። «አይቼዋለሁ ወንድሜ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ እንሞክር፤ ካልሆነ ሁለተኛ ፊቴን አታይም» አልኩት። ይህ ሳያጓጓው አልቀረም፤ ዲስኩን ሰካው። ማሽኑ ዝርዝሩን አነበበ፣ አሰበ፣ ደግሞ አሰበ። እኔ በዚያች ደቂቃ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት መጣና ጭፈራው በማሽን ክፍሉ መስኮት በኩል አዳራሹ ውስጥ ታየ፤ እስክስታው ትከሻ በትከሻ፣ አንድም ሳይዘል። ሠራተኛው ማሽኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ ከሃያ አራት ጎን «ወይም ሃያ አምስት» ብሎ ጻፈበት። እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

እንጅባራ ተመልሼ ሐሙስ ከሰዓት ሙሉውን ፊልም ማሸግ ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ ሺህ ምስል ላይ መብራት ሄደ። ዓርብ ጠዋትም አልመጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብድ ነበር፤ ዓርብ ግን ሌላ ሥራ ነበረኝ። በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄድኩና ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ወረድኩ። አጎቴ አጥር እየጠገኑ አገኘኋቸው። ለማዋዛት ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ ልክ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

አጎቴ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እስቲ ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት።

«በሕፃንነትሽ እንኳ እንዲህ ብለሽ አታውቂም። ያችን የተልባ ማሰሮ የሰበርሽ ጊዜ ድመቷን ነበር የከሰስሽ» አሉና ሳቁ። ዳማው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እንግዲያው ነገሩን እስከ ሥሩ ላድርሰው ብዬ፣ በነጻ ሶፍትዌር ሥራ ስሕተት ያገኘ ሰው ስሙ እንደሚመዘገብ፣ የእሳቸውንም ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ዓለም ሁሉ የሚያየው ከሆነ ስሜ ምን ያደርግለታል አሉ። «ፈረሰኛ በይው፤ ይበቃል።» እስከ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ፣ ከእኔ ቀጥሎ፣ «አንድ ፈረሰኛ፣ ከዘንገና» የሚል አለ። ቅዳሜ ግን ይመጡ እንደሆነ ስጠይቃቸው አጥሩን መጠገን ቀጠሉ። «ሦስተኛ ጊዜ ባይሆንስ?» አሉ። ራሴም ትዕይንቱን በሃያ አምስት ታሽጎ ገና አላየሁትም ነበር።

መብራት ዓርብ ከሰዓት መጣ፣ አመሻሽ ላይ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ሶፍትዌሬ እየወደቀ እየተነሳ፣ ካቆመበት እየቀጠለ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻዋን ምስል አሸገ። ዲስኩን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ተቀምጠዋል። አጎቴ ናቸው። «ቦታ ይዤልሻለሁ» አሉኝ። ዳንግላ ላይ ወንድሜ ተቀላቀለን። ማታ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገር ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ከግማሽ በላይ ግን ሰው ነበረው። ሰው በሚሳቅበት ሳቀ፣ በማይሳቅበትም ሳቀ። የከሱትን ተዋንያን ማንም ልብ አላለም። አጎቴ መጋረጃው ላይ ራሳቸውን ሲያዩ ፍንክች አላሉም፤ ሰውዬው የጎረቤት ሰው ያህል እንኳ አላሳሰባቸውም። የሚጠብቁትን እኔ አውቃለሁ። የመጨረሻው ትዕይንት ሲቃረብ ወደ መጋረጃው ማየት አልቻልኩም፤ እሳቸውን ብቻ አይ ጀመር። የሐይቁ ነፋስ ተሰማ። ከዚያ ኮቴ።

አጎቴ ብድግ አሉ። ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደሚነሱት፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ «አባት፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን!» የሚል ድምፅ መጣ። አልሰሙም። በአገውኛ፣ ለዳማው ብቻ በሚናገሩበት ድምፅ፣ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ያን ጊዜ ነው ዞሬ ያየሁት። ዳማው ሙሉ ግድግዳ ሞልቶ ይሄዳል፤ አልደከመውም፣ አላነከሰም፤ ደንገላሳው እዚያ ፎቶ ቤት ውስጥ በመዳፋቸው ያሳዩን ያው ደንገላሳ ነው። ከኋላ የጮኸው ሰውም መጋረጃው ላይ ያሉትና የቆሙት አንድ ሰው መሆናቸውን ሲለይ ዝም አለ። ሦስቱን ደቂቃ እሳቸው ቆመው፣ እኛ ተቀምጠን ጨረስነው። መብራቱ ሲበራ ሰው አጨበጨበ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ሳቅሁበት፣ የራሴ እንባ እንዳይታወቅብኝ።

ስንመለስ ወንድሜ ዳንግላ ላይ ወረደ። እኔና አጎቴ ጎን ለጎን ቀረን። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሲታመም አላያችሁትም አይደል?» አሉኝ።

«አላየነውም ጋሼ።»

«መጀመሪያ ርምጃው ዘገየ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ በአንድ እግሩ ማነከስ ጀመረ። ከዚያ ተኛ፤ አልተነሣም። ከሞተ ጀምሮ ዓይኔን ስከድን የሚመጣብኝ ያ የታመመው ነው። ያን ያህል ዘመን ጋልቤው የደህናው መልክ ጠፋኝ።»

ማክሰኞ ዕለት ያደረግሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ከምሳ በፊት የዘገየውን፣ ከምሳ በኋላ የሚያነክሰውን፣ በተራ በተራ አምጥቼ ፊታቸው አቁሜላቸው ነበር። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ፤ በአንድ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ።

«የምን ይቅርታ» አሉ። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡና ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አስደግፈው ዓይናቸውን ከደኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው፣ እንደተከደኑ፣ «ይኸው እየሮጠ ነው» አሉኝ።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ዓይናቸውን አልገለጡም።